ቃጭል እና ቃጭል

«አይሠራም።»

ቃጭል ይህን የተናገረችው ለማንም አልነበረም። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ቢሆንም ተናገረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሆነውን ሁሉ ጮክ ብላ ስታወራ የኖረች ልጅ በሦስት ሳምንት አፏን ልትገራው አትችልም።

ስክሪኑ ላይ ነጭ ገጽ፣ ነጩ ገጽ ላይ ጥቁር ቁጥር፦ 500። ከቁጥሩ ሥር «የሰርቨሩ የውስጥ ስህተት» ይላል። ገጹን እንደገና ከፈተችው። 500። እንደገና። 500። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ እንዲሉ፣ ያንኑ ቁልፍ ለዘጠነኛ ጊዜ ስትጫነው ኮምፒውተሩ ራሱ የታዘባት መሰላት።

«እሺ፣ ምን ልሁንልህ? ልንበርከክ?»

በኮምፒውተር ላቡ ማዶ ጥግ ጌም የሚጫወቱ ሁለት ወንዶች ዞረው አዩዋትና ተሳሳቁ። አንደኛው ለጓደኛው በሹክሹክታ ምን እንዳለው ባትሰማም ገባት። ልጅቷ ለብቻዋ ማውራት ጀመረች፣ ሌላ ምን ይላል? ዘፈን የምትሰማ ለመምሰል ኢርፎኗን አስተካከለች። ኢርፎኑ ሁለት ጆሮ አለው፤ እሷ የምትሰካው ግን የቀኙን ብቻ ነው። የግራው ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። የግራው የድመት ነበር።

ድመት ድመት የተባለችው ስትራመድ ስለማትሰማ ነው። ክፍል ገብታ፣ ተቀምጣ፣ ደብተሯን አውጥታ ግማሽ ገጽ ከጻፈች በኋላ ነው ሰው መምጣቷን የሚያውቀው። ቃጭል ደግሞ ለምን ቃጭል እንደተባለች ለማወቅ ከእሷ ጋር አምስት ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል። ሦስትም ይበቃል። በተረቱ አይጦቹ ተሰብስበው «በድመት አንገት ቃጭል ማን ይሰር?» እያሉ ተጨነቁ፤ እዚህ ትምህርት ቤት ግን ድመቷ ራሷ ቃጭሏን ፈልጋ አሰረች እያለ ክፍሉ ሁሉ ሙድ ይይዝባቸው ነበር። ስሞቹ ከመጣበቃቸው የተነሳ የኮምፒውተር ክበቡ መዝገብ ላይ የገቡትም እነሱው ናቸው።

ሥራውንም የተካፈሉት በዚሁ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበር። ድመት ትጽፋለች፣ ቃጭል ታወራለች። ለዚህ ደግሞ ሕግ ነበራቸው፦ የምትጽፍ አታወራም፣ የምታወራ ኪቦርድ አትነካም። ሕጉን ያወጣችው ቃጭል ናት፤ ሌላ ማን ሊያወጣው። ቃጭል «አንዱ ሹራብ ጠፋብኝ ብሎ ሲጽፍ ቀለሙንም ይጠይቀው» ትላለች፤ ድመት ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች፤ ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ቀለም ይጠይቃል። እንዲህ እያሉ የጠፉ ዕቃዎችን ገጽ ሠሩት። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዕቃ የጣለ ሰው ገጹን ከፍቶ የጠፋበትን ይጽፋል፤ ከጀርባ ያለው ፕሮግራም፣ ስክሪፕቱ፣ ከተገኙት ዕቃዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክርና ወይ «አለ፣ መጥተህ ውሰድ» ወይ «ገና ነው፣ ታገስ» ይለዋል።

ከዚያ ድመት ሄደች።

አባቷ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ መንገዱ ወደሄደበት ቤተሰቡም ይሄዳል። ይህን ቃጭል ታውቃለች። ያላወቀችው ቀኑን ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት የክፍል ኃላፊዋ ስም ስትጠራ የድመት ስም ጋ ቆም አለች፣ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አሰመረችበት፣ «ዝውውሯ አልቋል» አለችና ቀጣዩን ጠራች። በቃ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ቃጭልን አያት፤ የምታውቅ መስሏቸው። እሷም የምታውቅ ለመምሰል እስክሪብቶዋን መቅረጽ ጀመረች። እስክሪብቶ እንደማይቀረጽ ትዝ ያላት ጎረቤቷ ሲስቅ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድመት አሥራ አራት መልእክት ልካለች። ቃጭል አንዱንም አልከፈተችም። ቁጥሩ ሲጨምር ግን በየቀኑ ታይ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የኮምፒውተር መምህሩ ኮሪደር ላይ አስቆማት። አርብ የወላጆች ቀን ነው፤ ገጹ አዳራሽ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ይከፈታል፤ የሠራውን ሰው መድረክ ላይ እጠራለሁ፣ ማን ልበል አላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«እኔን።»

«ድመትስ?»

«እሷማ ጀምራ ጥላው ነው የሄደችው ቲቸር። እኔ ነኝ ብቻዬን የጨረስኩት።»

መምህሩ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አያት። ስሟን ጻፈ።

ቃጭል ከዚያ በቀጥታ ወደ ላቡ ሄደች። የተናገረችውን እውነት ማድረግ ነበረባትና ስክሪፕቱን ከፈተች። «ፈልግና ሁሉንም ቀይር» የሚለው ሳጥን ውስጥ ከላይ «ድመት»፣ ከታች «ቃጭል» ብላ ጻፈች። አንድ ጊዜ ተጫነች። «31 ቦታ ተቀይሯል» አለ ኮምፒውተሩ፣ ያለምንም ጥያቄ። በላቡ ኮምፒውተር ላይ «ድመት» ተብሎ የተሰየመውን ፎልደርም በራሷ ስም ቀየረችው። ሞከረችው፣ ሠራ።

ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ አርብ አርብ የቀን ተረኛ ስለሆነች አንድም የወላጆች ቀን መጥታ አታውቅም። የዚህን ሳምንት ግን ከባልደረባዋ ጋር ተረኝነት ተቀያየረች፤ በምላሹ ሁለት እሑድ ልትሠራላት። «ብቻሽን ነው የሠራሽው?» አለቻት፣ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች። ብቻዬን አለች ቃጭል። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ። ያቺ ዝምተኛዋ ብትኖር ደግሞ ደስ ባላት።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከትምህርት በኋላ፣ ገጹን ለመላው ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሰርቨር ላይ የነበረውን አሮጌ ስክሪፕት አጥፍታ አዲሱን ጫነች። የመጣላት 500 ነው። ላብ ላይ እንደ ሰዓት የሚሠራው ስክሪፕት ሰርቨሩ ላይ ሲሆን ይሞታል። ነገ በዚህ ሰዓት እናቷ የሰው ተረኝነት ተበድራ አዳራሽ ውስጥ ትቀመጣለች፣ መምህሩ ስሟን ይጠራል፣ ከዚያ በትልቁ ስክሪን 500። «ብቻዬን ሠራሁት» ያለችው ልጅ ብቻዋን ልትጠግነው እንደማትችል ሁሉም ያያል።

ኢርፎኗን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ተነሳች።

የሰርቨር ክፍሉ ከደረጃው ሥር ነው። በትምህርት ቤቱ ቦታ ስለሌለ የጠፉ ዕቃዎች ካርቶኖችም እዚያው ይቀመጣሉ፤ ሰርቨሩ ባለቤት ካጡ ሹራቦች፣ ጃንጥላዎችና ክዳን የሌላቸው የውሃ ኮዳዎች ጋር ነው የሚኖረው። የገጹ ሐሳብ የመጣውም ከዚሁ ነው። ክፍሉን የምትጠብቀው ቴክኒሻን አጭር፣ ደልደል ያለች ሴትዮ ናት። አንገቷ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥቅል ሽቦ ስለማይጠፋ ተማሪው እትዬ ኬብል ይላታል። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ አሁን ስልክ ስታነሳም «ኬብል ነኝ» ትላለች።

«እትዬ፣ ሰርቨሩ አብዷል።»

«ሰርቨር አያብድም። ጫማሽን ጥረጊ።»

ቃጭል ጫማዋን እየጠረገች ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረች። ከመካከሉ እትዬ ኬብል እጇን አነሳች፤ ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችላትና ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረች።

መጀመሪያ ፈቃዱን እንይ አለች። አዲስ ፋይል ሰርቨር ላይ ሲጫን እንደ እንግዳ ነው አለቻት፤ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይታያል፤ ሥራ ጀምር ካልተባለ ግን እጁን አጣጥፎ ይውላል። ስክሪፕቱ ይህ ፈቃድ እንዳለው ለማየት እትዬ ኬብል አንድ አጭር ትእዛዝ አስጻፈቻት። ቃጭል በሁለት ጣት እየፈለገች ጻፈችው፤ አንዷን ፊደል ለማግኘት ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው። እትዬ ኬብል ጣቶቿን እያየች ነበር። ፈቃዱ ተሰጥቶታል። ገጹን ከፈቱት።

500።

«ላብ ላይ ይሠራል?»

«እንደ ሰዓት።»

«እንግዲያው እዚያ ያለ፣ እዚህ የሌለ ነገር አለ። ሎጉ ምን ይላል?»

«የምን ሎግ?»

እትዬ ኬብል ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። «ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ስትመላለሺ ሎግ አታውቂም?»

ሎግ የምታነበውማ ድመት ናት። መልሱ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ቃጭል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መልሳ ዋጠች።

«ስሚ» አለች ሴትዮዋ። «ይህ 500 የምትይው ለእንግዳ የሚነገር ነው። በር ላይ ወጥቶ ‹ዛሬ ቤተሰቡ አልተመቸውም› እንደማለት። ማን ከማን እንደተጣላ በር ላይ አይነገርም። እሱን የምትሰሚው ጓዳ ስትገቢ ነው። ሎግ ማለት ጓዳው ነው። ከታች ወደ ላይ አንብቢ።»

ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ። የታችኛው መስመር ይህን ይላል፦ መስመር 12 ላይ፣ «ቃጭል» የሚባል ፎልደር የለም። ከእሱ በላይ ያለውም፦ «ቃጭል» የሚባል ፎልደር የለም። ከዚያም በላይ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሥር። እሷ ላብ ውስጥ ቁልፉን በተጫነች ቁጥር ሰርቨሩ እዚህ ከደረጃው ሥር ሆኖ፣ ከጃንጥላዎቹ መካከል፣ በትዕግሥት መልሶላታል። ቃጭል የምትባል የለችም። የለችም። የለችም።

ወንበሯን ከስክሪኑ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋች።

«ፎልደሩ በማን ስም እንደተከፈተ ረሳሽው?» አለች እትዬ ኬብል። «እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ነበር እኮ። በማን ስም ልክፈተው ስላችሁ ‹በድመት ይሁን፣ የምትጽፈው እሷ ናት፣ የኔ ማውራት ብቻ ነው› ያልሽው አንቺ ነሽ። ያቺማ ጭንቅላቷን ነው የነቀነቀችው።»

ቃጭል አሁን ትዝ አላት። እንዲያውም በኩራት ነበር ያለችው።

«ስክሪፕቱ ውስጥ ስሙን ማን ቀየረው?»

«እኔ።»

«የድሮውስ የት አለ?»

«አጠፋሁት።»

እትዬ ኬብል መነጽሯን አወለቀችና ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። «የጅራፍ ነገር። ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።» ለምን እንደቀየረችው ግን አልጠየቀቻትም። ሁለት መንገድ አለ አለቻት፤ ወይ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፎልደር ቃጭል ተብሎ ይሰየም፣ ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ወይ ደግሞ ስክሪፕቱ ወደነበረበት ይመለስ። ሰርቨሩ በሁለቱም ግድ የለውም፣ የሚፈልገው እዚህና እዚያ አንድ ዓይነት ስም ብቻ ነው።

«በአንዱ ደቂቃው» አለች ቃጭል።

አንድ ደቂቃም አልፈጀ። ገጹን ከፈቱት። ሰማያዊው አርእስት ወረደ፣ ጽሑፍ የሚገባበት ሳጥን መጣ፣ «ምን ጠፋብህ/ሽ?» የሚለው ጥያቄ ብቅ አለ። ቃጭል ሳታስበው በግራ እጇ በኩል ያለውን ሰው ልትጎሽም ክንዷን ዘረጋች። የጎሸመችው ካርቶን ነው።

እትዬ ኬብል ገጹን ወደ ታች ሳበችውና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስትስቅ ድምፅ የላትም።

«መንታ ናችሁ እንዴ?»

ከገጹ ግርጌ በደቃቃ ፊደል የሚከተለው ተጽፏል፦ የሠሩት፣ ቃጭል እና ቃጭል።

ቃጭልም ሳቀች። ግድ ነበር፣ ያስቃል። ነገ ይህን አዳራሽ ሙሉ ሰው ቢያየው በቃ፣ እስክትመረቅ ድረስ «ቃጭልና ቃጭል» እየተባለች ነበር የምትኖረው። ሳቋ ግን መንገድ ላይ አለቀባት። ሁለቱን ስሞች ደግማ አየቻቸው። አንዷ ቃጭል ሌላዋን ቃጭል ይዛ ገጹ ሥር ቆማለች፣ ሌላ ማንም የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታወራ የነበረችው ከዚች ጋር ነበር።

ቢሮ ብሎክ ኢንተርኔት ጠፍቷል ተብሎ ተደወለ። እትዬ ኬብል ሽቦዋን አንገቷ ላይ እያስተካከለች ተነሳች። «አንዷን ቃጭል አጥፊና፣ አንድ ሁለት ዕቃ ፈልገሽ ሞክሪው። ስመለስ እንዘጋለን» ብላ ወጣች።

ቃጭል ብቻዋን ቀረች። የሰርቨሩ ማራገቢያ ያለማቋረጥ ይነፍሳል። ለሙከራ ምን ልጻፍ ብላ አሰበችና የመጣላትን ጻፈች፦ የጸጉር መያዣ፣ ቢጫ። የራሷ ነው፤ ከጠፋ ሁለት ወር አልፎታል። ያኔ ለሦስት ቀን ያህል ስለሱ አውርታ ክፍሉን አሰልችታለች። አይኖርም ብላ ቁልፉን ተጫነች።

«አለ፣ መጥተሽ ውሰጂ።»

ከሥሩ ዝርዝሩ መጣ። የተገኘበት ቦታ፦ ኮምፒውተር ላብ፣ ከሦስተኛው ጠረጴዛ ጀርባ። ያለበት፦ ካርቶን 4። የመዘገበው፦ ድመት። ቀን፦ ከዚያ ሰኞ በፊት የነበረው አርብ። የዕቃዎቹ ዝርዝር ሰርቨሩ ላይ ብቻ ስለነበር የእሷ «ሁሉንም ቀይር» አልደረሰበትም። ማስታወሻ በሚለው ቦታ ደግሞ አንድ መስመር ነበር፦ «ባለቤቷ እየጮኸች ትመጣለች።»

ካርቶን 4 ውስጥ፣ ከነጠላ ጓንትና ከተሰበረ ማስመሪያ ሥር፣ በትንሽ ላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቢጫ። አንዱ ጥርሱ ቀድሞም የተሰበረ ነበር፤ አሁንም እንደተሰበረ ነው።

አርብ። ያን አርብ አስታወሰችው። ሁለቱም ላቡ ውስጥ ነበሩ፤ እሷ ስለ ገጹ ቀለም ታወራ ነበር፣ ሰማያዊ ይሁን፣ አይ አረንጓዴ ይሁን፣ አረንጓዴ የፋራ ነው፣ ሰማያዊ ይሁን። ድመት ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች።

ቃጭልም እየሳቀች መለሰችላት። ምን ብላ እንደመለሰች ቃል በቃል ታስታውሳለች።

«ሕግ! የምትጽፍ አታወራም።»

ድመት ጣቶቿን መልሳ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠች። ገጹ ሰማያዊ ሆነ።

ቃጭል ስልኳን አወጣች። አሥራ አራቱን መልእክቶች ከመጀመሪያው ጀምራ ከፈተቻቸው። ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ድመት ስትጽፍም ያው ድመት ናት። የመጀመሪያው «ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር» ይላል። አምስተኛው «500 ካመጣብሽ ሎጉን እዪ» ይላል። ዘጠነኛው «እዚህ ስሜን የሚያውቅ የለም። ጸጥ ስለምል ያለሁም አይመስላቸውም» ይላል። እሱ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች። የመጨረሻው የትናንት ነው፦ «አርብ እንዴት እንደሆነ ትነግሪኛለሽ?»

ስልኩን አስቀመጠች። ገጹ ይሠራል። አንዷን ቃጭል አጥፍቶ መውጣት ብቻ ነው የቀራት። እናቷ ትመጣለች፣ መምህሩ ስሟን ይጠራል፣ ይጨበጨባል። ሰርቨሩ ግድ የለውም ተብሏል።

ፎልደሩን መልሳ «ድመት» ብላ ሰየመችው። ገጹን ከፈተች። 500። በዚህ ጊዜ አልተናደደችም።

ስክሪፕቱን ከላይ ጀመረች። መጀመሪያ በአንድ ቁልፍ የሚያልቅ መስሏት ነበር፤ ግን «ቃጭል»ን ሁሉ «ድመት» አድርግ ብትለው ግርጌው «ድመት እና ድመት» ሊሆን ነው። ድሮ የእሷ የነበረውና በጉልበት የእሷ የሆነው ተቀላቅሏል፤ የትኛው የማን እንደነበር ኮምፒውተሩ አያውቅም። የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «ቃጭል» የሚል አርባ ሰባት ቦታ አለ። ከአርባ ሰባቱ ሠላሳ አንዱ የሰው ነው።

መስመር 12፣ ፎልደሩ፦ ድመት። በየክፍሉ አናት ላይ ያን ክፍል ማን እንደሠራው ተጽፎ ነበርና አንድ በአንድ ወረደች። ዝርዝሩን የሚያነበው፦ ድመት። ቀለም የሚጠይቀው፦ ሐሳቡ የቃጭል ነው፣ ያ የራሷ ነው፣ አልነካችውም። «ታገስ» የሚለው ቃል የእሷ ነው። ስሙ የተሳሳተ ዕቃ ሲጻፍ የሚቀርበውን ፈልጎ የሚያመጣው፦ ድመት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ምሳ ሳትበላ የሠራችው ነው። አንዳንዱን ማስታወስ አቃታት። በእነዚያ ላይ የሁለቱንም ስም ጻፈች። በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው፤ አንድ ስም ለመጻፍ የሚፈጅባት ጊዜ ድመት ገጽ የምትጨርስበት ነው። አንድም ቃል ሳትናገር ምን ያህል ጊዜ እንደቆየች አላወቀችም።

እትዬ ኬብል ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። «ሠርቶ አልነበር እንዴ? ለምን አፈረስሽው?»

«እያስተካከልኩት ነው።»

ሴትዮዋ ስክሪኑን ከትከሻዋ በላይ አየት አደረገች። የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከካርቶኖቹ አንዱ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ሹራብ አንስታ የጎደሉትን ቁልፎች መቁጠር ያዘች። የመዝጊያው ሰዓት አልፏል፤ ሁለቱም ስለሱ አላነሱም።

ገጹ ተከፈተ። ሰማያዊው፣ ሳጥኑ፣ ጥያቄው። ግርጌው፦ የሠሩት፣ ድመት እና ቃጭል።

ወደ ውጭ ስትሄድ በመምህራን ክፍል በኩል አለፈች። የነገው ፕሮግራም በሩ ላይ ተለጥፏል። ተራ ቁጥር ስድስት፦ የጠፉ ዕቃዎች ገጽ፣ በተማሪ ቃጭል። እስክሪብቶዋን አወጣችና «በተማሪ» ከሚለው ቀጥሎ ጠባቧ ቦታ ላይ «ድመትና» ብላ ጨመረችበት። አስቀያሚ ሆነ፣ ግን ይነበባል። መምህሩ ነገ ጠዋት ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃታል፣ እሷም ምን እንደዋሸችው ትነግረዋለች። ለእናቷ ዛሬ ማታ ትነግራታለች። ከሁለቱ የእናቷ ይከብዳል። እናቷ አትቆጣም፤ «ጎሽ» ያለችውን ግን መልሳ መውሰድ አለባት።

ግቢው ባዶ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጸጉሯን በቢጫው መያዣ ሰበሰበችው፤ በተሰበረው ጥርስ በኩል አንድ ዘለላ አመለጠ። ኢርፎኑን አወጣች፣ የቀኙን ቀኝ ጆሮዋ ላይ ሰካች። የግራውንም አንስታ ግራ ጆሮዋ ላይ ሰካች። ከዚያ ደወለች።

ጠራ። ጠራ። ጠራ። ሊዘጋ ሲል ተነሳ።

ከወዲያ በኩል ምንም ድምፅ የለም። ቃጭል ዝምታውን አወቀችው፤ እንዲህ ዝም የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው። ምላሷ ላይ መቶ ነገር መጣ፦ ስለ 500፣ ስለ ሎጉ፣ ስለ ሁለቱ ቃጭሎች፣ ስለ ቀዩ መስመር፣ ለምን፣ እንዴት። ሁሉንም ባሉበት ተወቻቸው።

«ዛሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ስለዚህ የምታወሪው አንቺ ነሽ።»

ጉልበቷን አቅፋ ጠበቀች።